ባክአፕ አለ ይባላል፤ ከፍቶ ያየው አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። በአንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ሲስተሙን የምመራው እኔ ነኝ፤ ከሥሬ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ሰርቨራችን ተበላሽቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ቆመ። «በየሌሊቱ ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ይወሰዳል» እያልኩ ስንት ዓመት ስናገር ኖሬ፣ ስከፍተው የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ፋይሎች ባዶ ናቸው። አሁን ሥራ አስኪያጁ «ሁለተኛ እንዳይደገም ዕቅድ አውጣ፣ በሁለት ሳምንት አምጣ» ብለውኛል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ናሙና 80 ገጽ ነው፤ ሳነበው ራሴን አዞረኝ። ከየት ልጀምር? ሁሉንም ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚከራይ ሰርቨር፣ ብናወጣውስ አንገላገልም?
የደከመው የአይቲ ሰው

መልስ፦ አይዞህ። በባዶ ባክአፕ ጉድ የሆንከው አንተ ብቻ አይደለህም። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበት ያንተኑ ይመስላል። አንድ ባለሙያ አምሽቶ ሲሠራ፣ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋው። ወደ ባክአፑ ሲሮጡ ባዶ። ለካ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር አልገጥም ብሎ ሳይሠራ ከርሟል፤ «አልተሳካም» የሚለው ኢሜይልም ለማንም አልደረሰም። ያተረፋቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ዕድል ነው እንጂ ዕቅድ አልነበረም።

ስለዚህ 80 ገጹን ለጊዜው ዝጋው። ከወንበርህም ተነስ፤ ወደየክፍሉ ሂድና ሒሳብን፣ ሽያጭን፣ መጋዘንን ሁለት ነገር ብቻ ጠይቅ። ሲስተሙ ቢጠፋ ስንት ሰዓት ትታገሳላችሁ? ሲመለስስ የስንት ሰዓት ሥራ ቢጎድል እንደገና ልታስገቡት ትችላላችሁ? መጀመሪያ ሁሉም «አንድ ደቂቃም አንታገስም» ይሉሃል፤ ተዋቸው፣ ወጪውን ሲሰሙ ይለዝባሉ። በየሌሊቱ ብቻ ባክአፕ የሚወስድ ድርጅት፣ ሰርቨሩ ከሥራ መውጫ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሞት የሙሉ ቀን ሥራ ይጠፋበታል። ይህን አስቀድሞ የተረዳ አለቃ እኔ ብዙም አልገጠመኝም። ቁጥሮቹን የሚወስኑት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ናቸው፣ አንተ አይደለህም፤ ይፈርሙበት። አለዚያ በሚቀጥለው ጊዜም ጣት የሚቀሰረው አንተው ላይ ነው።

ከዚያ ሒሳቡን ሥራ። 2 ቴራባይት ዳታ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር፣ ምንም ሳያደናቅፈው ቢመለስ እንኳ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። መስመርህ 100 ሜጋቢት ከሆነ ወደ 44 ሰዓት ነው፤ ያው ሁለት ቀን ሊሞላ። «በ4 ሰዓት እንመለሳለን» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ መስመሩ ግን ያንተን ወረቀት አያነብም።

ክላውድ ያልከው ጥሩ ነው፤ ግን ስሙ ደመና ቢሆንም ሰማይ ላይ አይደለም። ቤት አለው፣ ቤቱም ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የክላውድ ኩባንያው ኦቪኤች ዳታ ሴንተር (ሰርቨሮቹ ያሉበት ሕንፃ) ሲነድ፣ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ላይ አጡ። የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጪ የሚለው ነው። እኔ አንድ ልጨምር፦ አንዱ ቅጂ ከኔትወርኩ የተነቀለ ይሁን። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም) ይዘው የሚገቡ ሰዎች ባክአፕህን ካገኙት አስቀድመው እሱን ነው የሚያጠፉት፤ ከተነቀለ ግን አይደርሱበትም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቅደም ተከተሉን ነው። የመርከብ ጭነት ኩባንያው ሜርስክ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ በተባለው ቫይረስ ሲመታ፣ ለብዙ ሰርቨሮቹ ባክአፕ ነበረው። ያልነበረው፣ የሠራተኛውን ሁሉ መግቢያና ፈቃድ የሚይዙት ዶሜይን ኮንትሮለሮች ቅጂ ነው። አንዱ የሌላውን ዳታ ስለሚቀዳ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ይሆናል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ ቫይረሱ ግን አንድ ላይ ጠራረጋቸው። ጋና ያለው ብቻ ተረፈ፣ እሱም መብራት ጠፍቶበት ስለነበር! ኋላ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በ10 ቀን እንደገና ጭነዋል። አንተም መጀመሪያ የሚነሳው የቱ እንደሆነ ጻፍ፤ መግቢያው ሳይነሳ የሒሳቡን ሲስተም ብታነሳው ማንም አይገባበትም። የፓስወርዶቹና የስልክ ቁጥሮቹ ዝርዝር የት ነው ያለው? ያው ሰርቨር ላይ ከሆነ ዛሬውኑ አትመህ ካዝና ውስጥ አስገባው።

ሲስተሙ እስኪመለስ ሰው በምን ይሠራ የሚለውንም አትዝለለው። ተከታታይ ቁጥር ያለው የወረቀት ፎርም በየክፍሉ ይኑር፤ በኋላ ወደ ሲስተሙ የሚያስገባው ማን እንደሆነም ከአሁኑ ይታወቅ። ይህ ያንተ ሥራ አይደለም፣ የየክፍሉ ኃላፊዎች ይጻፉት።

ይህ ሁሉ ከአምስት ገጽ አይበልጥም። ከማስረከብህ በፊት ግን አንድ ትርፍ ማሽን ፈልግና ከሥርህ ያለውን ልጅ፣ የጻፍከውን ወረቀት ብቻ ይዞ ዳታቤዙን እዚያ ላይ እንዲመልስ አድርገው። አንተ ስልክህን ዘግተህ ሌላ ክፍል ተቀመጥ። ሰዓት ያዝ። ሲጨርስ ከሒሳብ ክፍል አንድ ሰው ጠርተህ የትናንቱን መዝገብ ይፈልግ፤ ፋይሉ ተከፈተ ማለት ዳታው አለ ማለት አይደለም። ልጁ የተደናቀፈበትን ቦታ ሁሉ አስተካክለህ ጻፍ፣ ለሥራ አስኪያጁም የፈጀውን ሰዓት እንዳለ ንገራቸው፣ ቢያሳፍርም። ከዚያ በየሦስት ወሩ ድገመው።