በሩን ከጠርዙ ማወቅ፦ ስለ ድሮ የባንክ ካዝና በሮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ከ1870 እስከ 1930 ድረስ በአሜሪካ የተሠሩ በሮችን ይመለከታሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ አሮጌ የፍርድ ቤት ሕንፃ ምድር ቤት ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር አለ። የቁጥር መዘውርና እጀታ አለው፤ ፊቱ ላይ ሐይቅና ተራራ ተሥሎበታል፣ ዳር ዳሩ በወርቅማ መስመር ተከቧል። የባንክ ካዝና በር ነው?

መልስ፦ የመዝገብ ቤት በር ሳይሆን አይቀርም። ሥዕሉና ወርቅማው መስመር ምንም አያረጋግጡም፤ ፋብሪካዎቹ በሁለቱም ዓይነት ላይ ይሥሉ ነበር። ሁለቱ ዓይነቶች እሳት የሚከላከለው የመዝገብ ቤት በርና ሌባ የሚከላከለው የባንክ ካዝና በር ናቸው። ለመለየት በሩን ይክፈቱና ጠርዙን ይመልከቱ። የእሳት በር የፊት ብረቱ ስስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ኢንች አይበልጥም። ከብረቱ ጀርባ ጀሶ ወይም ሲሚንቶ መሰል ሙሌት አለ። ብዙዎቹ ትንሽ ክፍተት ተትቶላቸው ከኋላቸው ሌላ ጥንድ የላሜራ በር ይከተላል፤ ክፍተቱ ሙቀቱን ያዘገያል። የሌባ በር ግን ውፍረቱ በሙሉ ብረት ነው፤ የተደራረቡ ሉሆች በቪቴ ተጣብቀው ይታያሉ፣ ጠርዙም እንደ ደረጃ እየጠበበ ወደ ውስጥ ይገባል። መቀርቀሪያዎቹም ይለያያሉ፦ በእሳት በር ላይ ጥቂትና ቀጫጭን፣ በሌባ በር ላይ ብዙና ወፍራም ናቸው።

ጥያቄ፦ መዘውሩ ላይ «ሳርጀንት ኤንድ ግሪንሊፍ፣ ሮቸስተር» የሚል ተቀርጿል። በሩን የሠራው እሱ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ሻጭም ገዥም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳርጀንት ኤንድ ግሪንሊፍም ሆነ ዬል ቁልፍ ሠሪዎች ናቸው፤ ቁልፋቸው የሁሉም በር ላይ ይገጠም ነበር። የበሩን ሠሪ ስም ከመቃኑ በላይ፣ በደፉ ላይ ባለ የናስ ሰሌዳ ወይም በበሩ ጀርባ ይፈልጉ። ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም የባንኩ ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚገኙት ሠሪዎች ሞዝለር፣ ዲቦልድ፣ ሄሪንግ-ሆል-ማርቪን እና ዮርክ ናቸው።

ስሙ ከተገኘ ከተማውን ያንብቡ፤ ዘመኑን ያጠብብልዎታል። ዲቦልድ በ1859 በሲንሲናቲ ተመሥርቶ በ1872 ወደ ካንተን፣ ኦሃዮ ተዛወረ፤ ስለዚህ «ካንተን» የሚል በር ከዚያ አይቀድምም። ሄሪንግ፣ ሆልና ማርቪን መጀመሪያ የተለያዩ ድርጅቶች ነበሩ፤ ሦስቱም ስሞች አንድ ላይ ከተጻፉ በሩ የተሠራው ከ1890ዎቹ ወዲህ ነው። ቁልፉ ላይ የተቀረጸ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ቀን ግን የተሠራበት ቀን አይደለም። ቁልፉ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ይናገራል፤ ያው ቀን ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ሲታተም ይኖራል።

ጥያቄ፦ ክብ በር ለምን አስፈለገ? ለውበት ነው?

መልስ፦ ውበቱ በኋላ የመጣ ትርፍ ነው። ምክንያቱ ናይትሮግሊሰሪን የተባለው ፈንጂ ፈሳሽ ነው። ሌቦች ፈሳሹን በበሩና በመቃኑ መካከል ባለው ስንጥቅ ያፈሱት ነበር። አራት ማዕዘን በር ማዕዘኖቹ ላይ ክፍተት ሳይተው መግጠም ከባድ ነው፤ ክቡ ግን በቶርኖ ተላግቶና ተሞርዶ ፈሳሽ እስከማያስገባ ድረስ ይገጥማል። እንዲህ የገጠመ በር ግን በተራ ማጠፊያ ብቻ አይዘጋም፤ መጀመሪያ ከመቃኑ ፊት ለፊት ይቆምና በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገፋል። በጎኑ ያለው እንደ ክሬን የሚታጠፍ ግዙፍ ክንድና ተጨማሪው መሪ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። በበርካታ በሮች ላይ ሁለት መሪ የሚያዩት አንዱ በሩን ለመግፋት፣ ሌላው መቀርቀሪያዎቹን ለማውጣት ስለሚያገለግል ነው።

ማግኔት ይዘው ይሂዱ። እንግሊዛዊው የብረት ባለሙያ ሮበርት ሃድፊልድ በ1882 የሠራው የማንጋኒዝ አረብ ብረት ማግኔት አይስብም፤ ሲሰረስሩትም ይብስ ይጠነክራል። ማግኔቱ ወፍራም ብረት ላይ ካልያዘ ይህ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በተቃራኒው «ነሐስ ነው» የተባለው ጌጥ ላይ ከያዘ የተለበጠ ብረት ነው።

ጥያቄ፦ በበሩ ጀርባ ከመስታወት ኋላ ሦስት ትናንሽ ሰዓቶች አሉ። ሦስት ለምን?

መልስ፦ የሰዓት ቁልፉን ነው ያገኙት፤ ለእኔ ከበሩ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው። ሽፍቶች የባንኩን ገንዘብ ያዥ ሌሊት ከቤቱ ወስደው ቁጥሩን በግድ መዘውሩ ላይ ያስሞሉት ነበር። ጄምስ ሳርጀንት በ1873 የሠራው የሰዓት ቁልፍ ይህን ከንቱ አደረገው፦ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ጊዜው ካልደረሰ መቀርቀሪያው አይንቀሳቀስም።

ሰዓቶቹ የቀኑን ሰዓት አይቆጥሩም፤ የቀረውን ሰዓት ወደ ዜሮ ይቆጥራሉ። ሠራተኛው በሩን ከመዝጋቱ በፊት እያንዳንዱን በቁልፍ ይሞላል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ዘግቶ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለመክፈት 42 ይሞላል። በስህተት ሦስቱንም 52 ከሞላ ሰኞ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባንኩ ደጅ ይቆማል፤ ማንም ሊረዳው አይችልም። ሦስት የሆኑት ለመጠባበቂያ ነው፦ አንዱ ብቻ ዜሮ ቢደርስ መከልከያውን ያነሳል፤ ሁለቱ ቢቆሙም በሩ ይከፈታል። ሦስቱም ከቆሙ ግን በሩን መሰርሰር ነው። የሚያቆማቸው ብዙውን ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው። ከቆርቆሮ የሚረጭ ዘይት አይንፉባቸው፤ አቧራ ሰብስቦ ይለጠፋል። የእጅ ሰዓት የሚጠግን ባለሙያ ፈትቶ ያጽዳቸው፣ የሰዓት ዘይት ይጠቀም።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የቀድሞ ባንክ ሕንፃ ተከራይተን ምግብ ቤት ልንከፍት ነው። ካዝናውን የወይን ክፍል ማድረግ ፈለግን፤ በሩም ይሠራል። ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ እህታችን፣ በሩን ለሙከራም ቢሆን አይዝጉት። የቁልፉን አሠራር ማየት ከፈለጉ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ መቀርቀሪያዎቹን አውጥተው ያስገቡ። ለዘለቄታው ቁልፍ ሠሪ ይጥሩና የሰዓቱን ቁልፍ አስነቅለው በሣጥን ያስቀምጡ፤ ከዚያ መቀርቀሪያዎቹ እንደወጡ ይቆለፉ። የወጡት መቀርቀሪያዎች መቃኑ ላይ ስለሚያርፉ በሩ ሊገጥም አይችልም። በተጨማሪ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ማገጃ ያስገጥሙ። ከውስጥ ያለውን የፍርግርግ በርም አይርሱ፤ ብዙዎቹ ሲዘጉ ራሳቸው ይቆለፋሉ። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የከተማውን የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ያማክሩ።

ሚዛኑ የተጠበቀ ትልቅ በር በአንድ እጅ ሲገፋ ይሄዳል፤ ለማቆም ግን አንድ እጅ አይበቃም። ጣት ከማጠፊያው አካባቢ ይራቅ።

ጥያቄ፦ በምን ላጽዳው?

መልስ፦ በጥጥ ጨርቅና በትንሽ አኳራጅ፣ ከዚያም በስስ ሰም። የብርጭቆ ወረቀትና ግራይንደር አያስነኩት። መቀርቀሪያዎቹ ላይ የሚታየው የተደራረበ ክብ ክብ ጌጥ ጥልቀቱ ከፀጉር ያነሰ ነው፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። የድሮ ቀለም እርሳስ፣ የእሳት በር ሙሌት ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ሳያስመረምሩ አይፋቁት፣ አይብሱትም።

ጥያቄ፦ ትልቁ የት ነው ያለው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በክሊቭላንድ ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ቅርንጫፍ) ያለው የዮርክ ሥራ ነው፤ ሕንፃው የተከፈተው በ1923 ሲሆን በሩ 100 ቶን ገደማ ይመዝናል። የኒው ዮርኩ ፌዴራል ሪዘርቭ የወርቅ ካዝና ግን ጭራሽ የሚታጠፍ በር የለውም፤ 140 ቶን በሚመዝን ማዕቀፍ ውስጥ 90 ቶን የብረት ሲሊንደር ይዞራል።

ጥያቄ፦ አንድ በር ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቶቹን። ሰብሳቢዎች ለብቻቸው ስለሚፈልጓቸው ተነቅለው ይሸጣሉ፤ ባዶ ሣጥን ወይም በማይመሳሰሉ ሰዓቶች የተሞላ ሣጥን ካዩ ዋጋውን ያስወርዱ። ቀጥሎ መቃኑ አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ያለ መቃኑ የሚሸጥ የሌባ በር መቼም አይገጥምም። በመዘውሩ ዙሪያ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ አንድ ጊዜ ተሰርስሯል፤ ቁልፉ የኋላ ዘመን ሊሆን ይችላል። ማጓጓዣውን ደግሞ ከባድ ማሽን ከሚያነሳ ድርጅት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከበሩ ዋጋ ይበልጣል።