«ኦርጅናል ነው ወይ?» ላለኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ልጅ የጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለውን የድሮ የብር ገንዘብ፣ ፎቶ በስልኩ ላከልኝ። የአያቱ ነው። «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው? ስንት ያወጣል?» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ደብረ ብርሃን ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ በብርና በወርቅ ሥራ ኖሬአለሁ፤ ጥያቄው አዲሴ አይደለም። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1972 ዓ.ም. ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ። አሠሪዬ ለቅሶ ሄደው ሱቁን ለኔ ትተውልኛል። ከአንኮበር በኩል የመጡ አንዲት እናት ገቡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አራት ማርትሬዛ ፊቴ ደረደሩ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ብሩ ከእናታቸው የደረሳቸው ነው።

እኔ የማውቀው ከሽማግሌዎች የሰማሁትን ነበር። ድሮ ሰው ማርትሬዛ ሲቀበል ብሩ ላይ በተቀረጸችው ሴትዮ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ፣ የዕንቁዎቹን ነጠብጣብ ይቆጥራል። ከደረቷ በታች ኤስ እና ኤፍ የሚባሉትን ሁለት ፊደላት ይፈልጋል። ሦስቱ ተመሳሰሉልኝ። አራተኛዋ ፊደሏ ቀጠን፣ ነጠብጣቧ ደቀቅ ያለ መሰለኝ። «እማማ፣ ይቺ የሐሰት ናት» አልኳቸው። ሚዛኑ ክንዴ ሥር ነበር። አላነሳሁትም።

አልተከራከሩኝም። «እናቴ ሐሰት አልያዘችም» አሉ፤ በቃ። ሦስቱን ገዛሁ። አራተኛዋን መልሰው ቋጠሯት። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

በሳምንቱ አንድ ነጋዴ ያችኑ ብር ይዞ መጣ። ከአንዲት አሮጊት በርካሽ እንደገዛት እየሳቀ ነገረን። አሠሪዬ መዘኗት። 28 ግራም። በብር መፈተኛ ድንጋይ ፈተኑ፣ ጠርዟን በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ «ደህና ብር ናት» ብለው ሙሉ ዋጋ ከፈሉት። እኔ ጥግ ቆሜ ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን እስካሁን አልረሳሁትም። በኋላ ሁለት ጊዜ አንኮበር ወርጄ ፈለግኳቸው። ስሟን ያልያዝካትን ሴት ማንን ብለህ ትጠይቃለህ?

ነገሩን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ፣ የሞተችው በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ብሩ ግን እስከ ዛሬ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ይታተማል። ኤስ እና ኤፍ ጉንዝቡርግ በተባለው ከተማ የነበሩ የሁለት የማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፤ ሌሎቹም ማተሚያዎች እንዳሉ ቀዱት። ቪየና አትማለች። በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ጣልያን አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ ቅርጹን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ። በየቦታው ፊደሉና ነጠብጣቡ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ብሩ ግን ያው ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፤ ከ28 ግራሙ ንጹሑ ወደ 23 ግራም ተኩል ይጠጋል። የእኚያ እናት ብር ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ሐሰት ግን አልነበረችም።

የምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው። በማርትሬዛ ልክ ፓሪስ ሲታተም ኤ የምትባል የማተሚያው ፊደል ታትማበታለች። ሰዉ ግን የለመዳትን የሴትዮዋን ብር ይመርጥ ነበር። አያቴ ሁለቱንም አንገቷ ላይ ታደርጋቸው ነበር፤ ስትራመድ የሚያሰሙት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

እናንተ ፎቶ አስፍታችሁ በደቂቃ መልስ ትፈልጋላችሁ። ያናድደኛል። ደግሞ እኛ ሃያ ዓመት የፈጀብንን እናንተ በአንድ ምሽት አንብባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያም እውነት ነው። ፊደሉን እዩ፣ ይጠቅማል። ፊደሉን ብቻ አትመኑ። መዝኑ። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ይታወቃል፤ የእውነተኛው ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይነበባል። በአመድ ወይም በሎሚ አትፈግፍጉት፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለጥቁረቱም ጭምር ነው። ማንጠልጠያ የተበየደበት ደግሞ ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፣ ለእኔ ግን አይወርድም።

ልጄ፣ ፎቶው አይበቃኝም። ብሩን ይዘህ ና። ሚዛኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ። አያትህንም ይዘሃት ና፤ ብሩ ከማን እንደደረሳት መጀመሪያ እሷ ትንገረኝ።