ብስኩቱ ለምን ተዘረጋ?

ጥያቄ፦ በገበታ ቅቤ የምጋግረው ብስኩት ምድጃ ውስጥ ተዘርግቶ ይሳሳብኛል። ቅቤውን በሚረጋ የአትክልት ዘይት ብተካው ይሻላል?

መልስ፦ ቅርፁን ይይዝልዎታል፤ ጣዕሙ ግን ይቀንሳል። የገበታ ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ ሊጡ ሳይጠና ይፈሳል፤ የሚረጋው ዘይት ይዘገያል። ሲተኩ እኩል አይመዝኑ፤ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ስብ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ። ዘይቱ ግን ሁለመናው ስብ ነው። ስለዚህ በ100 ግራም ቅቤ ፋንታ 80 ግራም ዘይትና 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ያድርጉ። ግማሽ በግማሽ ቢቀላቅሉ ደግሞ ጣዕሙም አይጠፋም።

በፊት ግን ቅርፅ የወጣለትን ሊጥ 30 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቅቤው ሳይሆን ከልክ በላይ መለስለሱ ነው፤ ከስኳር ጋር ከመምታትዎ በፊት በጣት ሲጫኑት ይሰርጉድ እንጂ አያብለጭልጭ። ዳቦ ላይ የሚቀባውን ለስላሳ ማርጋሪን አይሞክሩት፤ ውሃው ይበዛል።