ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለመውለድ ስሄድ ምን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ23 ዓመት ሴት ነኝ፤ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። የምንኖረው ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በኩል፣ ስናን ወረዳ ውስጥ ነው። ከቤታችን እስከ መኪና መንገዱ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ክትትሌን በጤና ጣቢያ አላቋረጥኩም፤ የመውለጃ ቀንሽ ነሐሴ 20 አካባቢ ነው ተብያለሁ። ደብረ ማርቆስ ያለችው እህቴ «ዕቃሽን አሁኑኑ አዘጋጂ» ብላ በስልክ ረጅም ዝርዝር ላከችልኝ፤ ዳይፐር፣ ጡጦ፣ የዱቄት ወተት፣ ክሬም፣ ምኑ ቅጡ። ግማሹን ከየት እንደማመጣው አላውቅም። አማቴ ደግሞ «ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰበሰብም፤ ጥሩ አይደለም» ብለው የገዛኋቸውን ሁለት ኮፍያዎች እንኳ ደበቁብኝ። ባለቤቴ በሁለታችን መሐል ሆኖ ዝም ብሏል። ለመሆኑ ምን ልያዝ? መቼስ ላዘጋጅ?

መልስ፦ ከዕቃው በፊት ስለ ቀኑ ላንሳ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከኮፍያውም ከዳይፐሩም ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በነሐሴ የጮቄ ግርጌ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጭቃው እግር ይይዛል፤ ወንዙ ይሞላል፤ አምቡላንስ ቢጠራም ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ቀን በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ፣ ሌሊት በዝናብ በቃሬዛ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መንደርተኛውን ይጠይቁ። ስለዚህ ምጥ እስኪመጣ ቤት አይጠብቁ። ጤና ጣቢያዎ የእናቶች ማቆያ ካለው ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ማለትም ነሐሴ 6 ገደማ፣ ገብተው ይቆዩ። ከሌለው እህትዎ ዝርዝር ከምትልክ ይልቅ አንድ አልጋ ትልቀቅልዎ። አዋላጅ ነርሷን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህንኑ ያማክሯት፤ ማቆያው ምግብ የሚያቀርብ መሆኑንም ይጠይቁ፤ ካልሆነ ሽሮና በሶ ከቤት መጫን ይኖርብዎታል።

ዕቃው ሐምሌ 22 አልቆ ይቀመጥ። ያን ቀን 36 ሳምንት ይሞላዎታል። ከ37 ሳምንት ጀምሮ የሚወለድ ልጅ ጊዜውን የጠበቀ ነው፤ ነሐሴ 20 የተባለውም ግምት እንጂ ቀጠሮ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው። አንድ ትልቅ ሻንጣ አይሙሉ። ሦስት ነገር ያድርጉት፤ አንድ ወረቀቶችዎ የሚያዙበት ፌስታል፣ አንድ የሕፃኑ ጥቅል፣ አንድ የእርስዎ ዘንቢል። ምክንያቴን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ከገጠር ጤና ጣቢያ ሪፈር የተጻፈላት እናት መጣች። ደም ይፈሳታል። ዕቃዋን እንደ እርሷ ያሰናዳ ሰው አላየንም ብለው ዘመዶቿ በኋላ ነግረውኛል፤ ነገር ግን አምቡላንሱ ጠብቦ ሻንጣውና አማቷ ኋላ ቀርተዋል። የክትትል ካርዷ ያለው ደግሞ ሻንጣው ውስጥ፣ ከሕፃን ልብሱ ሥር ነው። የደም ዓይነቷ በቀላሉ የማይገኘው ኦ ኔጌቲቭ መሆኑን ያወቅነው ከእኛው ላቦራቶሪ ነው። ሆስፒታል ደም ከመስጠቱ በፊት በድጋሚ መመርመሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ካርዱ በእጇ ቢሆን ኖሮ እሷ መንገድ ላይ ሳለች በስልክ ደም ማፈላለግ እንጀምር ነበር። እሷም ልጇም ተርፈዋል። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነፍሰ ጡር ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ካርዷ ሆነ።

ስለዚህ የወረቀቱ ፌስታል ከገላዎ አይለይ፤ ነጠላዎ ውስጥ ይቋጥሩት፣ አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት፣ እንደሚመችዎ። የክትትል ካርዱ፣ የላቦራቶሪና የአልትራሳውንድ ውጤት፣ መታወቂያና የጤና መድህን ካርድ ይግቡበት። የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የማይስማማዎት ካለ በወረቀት ያስጽፉ። የባለቤትዎን፣ የእህትዎንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ስልክም እንዲሁ፤ የስልክ ባትሪ ምጥ አይጠብቅም። በመንግሥት ጤና ተቋም ወሊድ በነፃ ነው፤ ቢሆንም ለመመለሻና ለአስታማሚ ምግብ የሚሆን ገንዘብ ይቋጠር። ስትመለሱ እዚሁ ፌስታል ውስጥ አንድ ወረቀት ይጨመር፤ ጤና ተቋሙ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዘገባል፤ ለእርስዎ ልጅ ያ ጊዜ ኅዳር አጋማሽ አካባቢ ያልቃል።

የሕፃኑ ጥቅል ሥራው አንድ ነው፤ ሙቀት። አዲስ የተወለደ ልጅ እርጥብ ነው፤ ከሰውነቱ አንጻር ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነም ሙቀቱ በዚያ በኩል ቶሎ ይወጣል። እንደ እናንተ ባለ ደጋ ደግሞ የነሐሴ ሌሊት ቀልድ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የሱቅ ዕቃ አይደለም። አራት አምስት ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ያረጀ ነጠላ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ከአዲሱ ናይለን ብርድ ልብስ እመርጠዋለሁ። (ክረምት ነውና ፀሐይ የወጣ ቀን አይለፍዎት።) ሁለቱ ጨርቆች ልጁ እንደተወለደ ለማድረቂያና ለመጠቅለያ ናቸው። እርጥቡ ተነሥቶ ሌላ ደረቅ ይለበሳል። ሁለት ኮፍያ፣ ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሦስት ልብስ፤ አዲስም ቢሆን ታጥቦ። ዳይፐር ካገኙ ጥቂት ይያዙ፤ ካላገኙ የሽንት ጨርቅ ያው ነው። ከሁሉ የሚሞቀው ግን የእርስዎ ደረት ነው። ልጁን እርቃኑን ደረትዎ ላይ አስተኝተው ከላይ ጋቢ ወይም ቡልኮ ይደርቡ። ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ገላው አይታጠብ፤ «ይታጠብ እንጂ» የሚል ዘመድ ከመጣ ሐኪም ከለከለ ይበሉ።

ጡጦውንና የዱቄት ወተቱን ከዝርዝሩ ይሰርዙ። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጥባ፤ ወፍራሙና ቢጫው እንገር አይታለብም፣ አይደፋም። ቅቤ ማስላስ፣ ስኳር ውሃ ማቅመስ አይኖርም። ጸበል ይዘው የሚመጡ ዘመዶችን አልከለክልም፤ እርስዎ ይጠጡት፣ በሕፃኑ አፍ ግን ከጡት በቀር ምንም አይግባ። እትብቱም ላይ ቅቤ አይቀባ፤ የጤና ባለሙያው ከሚሰጠው ሌላ ምንም። ምላጭና ክር ይዤ ልምጣ ወይ ብላ የጠየቀችኝ እናትም አለች። የቀድሞ ልምድ ሆኖ ነው፤ እሱን ጤና ተቋሙ ንጹሕ አድርጎ አዘጋጅቶታል።

የእርስዎ ዘንቢል ቀላል ነው። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ ቀሚስ፤ ለማጥባትም፣ ምናልባት በኦፕሬሽን ቢሆንም ይመቻል። ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ አራት አምስት ፓንት፣ ሁለት እሽግ ሞዴስ። ሞዴስ ካነሰ የታጠበና በደንብ የደረቀ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ይቀደድ፤ ነጭ የምለው የደሙ መጠን በግልጽ እንዲታይ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱ ሞልቶ ካለፈ ሳያፍሩ ነርሷን ይጥሩ። ባትሪና የስልክ ቻርጀር፣ አምስት ሊትር ጀሪካን፤ መብራትና ውሃ ሁሌ አይገኙም። ለምጡ ጊዜ በሶና ማር፣ ከዚያ በኋላ አጥሚት በፔርሙስ። ሐኪም «አትብዪ» እስካላለ ድረስ ባዶ ሆድ ማማጥ ጉልበት ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም። ገንፎውን አያስቡት፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎውም ይገነፋል፣ ቡናውም ይፈላል።

ፍልሰታም እዚያው ላይ ይውላል። ነሐሴ 1 ከመግባቱ በፊት የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። በዘጠነኛው ወር ሆድዎን ባዶ አድርገው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲውሉ እኔ አልመክርም፤ የሚወስዱትን የደም ማነስ ክኒንም አያቋርጡ።

ዘንቢሉ ተዘጋጀም አልተዘጋጀ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ፤ ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ባዶ እጅዎን ይሂዱ፤ ጨርቅ በኋላ ይደርሳል። ከወለዱ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ይቆዩ፤ ደም መፍሰስ እናቶችን የሚጎዳው በአብዛኛው በዚያች ቀን ውስጥ ነው። ሕፃኑም ከመውጣቱ በፊት የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባቱን መውሰዱን ያረጋግጡ።

የቀሩት አማትዎ ናቸው። እንዲህ የሚሉ እናቶችን ስጠይቅ ብዙዎቹ የሰበሰቡት ልብስ ያለ ልጅ የቀረባቸው ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ የእርስዎም አማት እንደዚያ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አይከራከሯቸው። ኮፍያዎቹን የት እንዳስቀመጧቸውም አይጠይቁ። ያረጁትን ነጠላዎች ይዘው ይሂዱና «እማዬ፣ እነዚህን እርስዎ ጋ ያስቀምጡልኝ፤ የምንሄድ ቀን ይዘውልኝ ይውጡ» ይበሏቸው። አጥበው፣ አጥነው፣ ከኮፍያዎቹ ጋር ጠቅልለው እንደሚጠብቁዎት እገምታለሁ። የወረቀቱን ፌስታል ግን ለእሳቸውም ቢሆን አይስጡ።