ሕዋስ በሌለበት ቦታ ቀስት ሲታይ

ጥያቄ፦ የአይጥ ፋይብሮብላስት (የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ) ሕዋሳት ያረፉበትን ጄል በምን ያህል ጉልበት እንደሚጎትቱ ለመለካት እየሞከርኩ ነው። ጄሉ 5 በመቶ አክሪላማይድና 0.15 በመቶ ቢስ (ጄሉን የሚያስተሳስረው ቢስአክሪላማይድ) ነው፤ ውስጡ 0.2 ማይክሮሜትር የሆኑ ቀይ ፍሎረሰንት ዶቃዎች አሉ። በ20 እጥፍ ሌንስ ፎቶ አነሳና ሳህኑን ከማይክሮስኮፑ አውርጄ ሕዋሳቱን በትሪፕሲን (ሕዋስን ከወለሉ በሚያላቅቅ ኢንዛይም) አስለቅቃለሁ፤ ከዚያ መልሼ አነሳለሁ። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ፎቶዎች አነጻጽሮ የየዶቃውን እንቅስቃሴ በቀስት ሲያሳይ፣ ሕዋስ በሌለበት ቦታም ያው ትልልቅ ቀስቶች ይታያሉ። ጄሉን እንደ አዲስ ብሠራውም ለውጥ የለም። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጄሉን አይጣሉት። ችግሩ ያለው ሳህኑን በማውረድዎና በሌንሱ ምርጫ ላይ ነው።

በዚህ ዘዴ በቀጥታ የሚለካው የዶቃ መፈናቀል ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ከዚያ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ሳህኑ ትንሽ ቢንሸራተት ወይም ቢዞር ሶፍትዌሩ ያንን ከሕዋስ ጉተታ አይለየውም፤ ወደ ፓስካል ቀይሮ ያስረክብዎታል። መጠኑን በቁጥር ይዩት። በ10 ናኖኒውተን የሚጎትት አንድ የመጣበቂያ ነጥብ፣ 4.5 ኪሎፓስካል ግትርነት ባለው ጄል ላይ 5 ማይክሮሜትር ርቆ ያለን ዶቃ በጉተታው አቅጣጫ የሚያንቀሳቅሰው 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው። 50 ማይክሮሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 0.02 ይወርዳል። ሙሉ ሕዋስ ደግሞ ከሁሉም ጎን ወደ ውስጥ ስለሚጎትትና ጉተታዎቹ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ፣ ርቆ ያለው መፈናቀል ከዚህም በፍጥነት ይጠፋል። ስለዚህ ከሕዋሱ ርቆ ትልቅ ቀስት ከታየ ሕዋሱ ያመጣው አይደለም።

የካሜራዎ ፒክስል እንደ ብዙዎቹ 6.5 ማይክሮሜትር ከሆነ፣ በ20 እጥፍ ሌንስ አንድ ፒክስል 0.325 ማይክሮሜትር ይሸፍናል። የሚፈልጉት እንቅስቃሴ አብዛኛው ከአንድ ፒክስል በታች ነው ማለት ነው። በ40 እጥፍ 0.16፣ በ60 እጥፍ 0.11 ይሆናል። ለነጠላ ሕዋስ ከ40 በታች አይሂዱ።

ቀጥሎ ያሉዎትን ውጤቶች አውጥተው የቀስቶቹን ቅርጽ ይመልከቱ፤ ቅርጹ ብዙ ይናገራል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆኑና ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ሳህኑ ተንሸራቷል። በመሃል ነጥብ ዙሪያ የሚዞሩ ከሆነ ሳህኑ ሲመለስ ዞሯል፤ ከማውረድ በኋላ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ሶፍትዌሮች ደግሞ መንሸራተትን እንጂ መዞርን አያርሙም። ከመሃል ወደ ዳር እየረዘሙ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ የሚያመለክቱ ከሆነ የሙቀት ለውጥን፣ የጄል ማበጥን ወይም የትኩረት መዛባትን ይጠርጥሩ። አቅጣጫቸው የተዘበራረቀና አጎራባቾቹ የማይስማሙ ከሆነ ግን በሁለቱ ፎቶዎች የሚታዩት እነዚያው ዶቃዎች አይደሉም፤ የትኩረቱ ወለል ተለውጧል። የ1 ማይክሮሜትር የከፍታ ልዩነት እንኳ ለዚህ ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። ጉልበት ከመለካትዎ በፊት ባዶውን ይለኩ። የማይክሮስኮፑን ማሞቂያ ከሥራው 2 ሰዓት ቀድመው ያብሩት፤ ሳህኑን ከጫኑ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ሕዋስ የሌለበት ቦታ መርጠው ምንም ሳይነኩ በ10 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ፎቶ ያንሱና እንደ እውነተኛ ውጤት ያስሉት። መንሸራተቱን ካረሙ በኋላ የሚቀረው የቀስቶች መበታተን የመሣሪያዎ የስህተት ወለል ነው። በ40 እጥፍ ወደ 0.02 ማይክሮሜትር ሊወርድ ይገባዋል፤ ከ0.05 ካለፈ ሙቀቱ አልረጋም ወይም ዶቃዎቹ ጥቂት ናቸው። ይህ ሳይስተካከል ሕዋስ ላይ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው።

ሕዋሳቱን ሳህኑ ባለበት ያስለቅቁ። ትሪፕሲንን ሴረም ስለሚያከሽፈው ሚዲየሙን ማጠብ ግድ ይሆናል፤ በማጠብ ጊዜ ደግሞ ሳህኑ ይነካል፣ ይቀዘቅዛል። ሳህኑን ለሌላ ሥራ ካልፈለጉት ኤስዲኤስ (ሕዋሳቱን የሚያሟሟ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ይሻላል፦ 2 ሚሊሊትር ሚዲየም ላይ 200 ማይክሮሊትር የ10 በመቶ ኤስዲኤስ፣ 37 ዲግሪ ሞቆ፣ በሳህኑ ግድግዳ በኩል ቀስ ብሎ ይፍሰስ። ከፖታሲየም ጋር ሲገናኝ፣ በተለይ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ነጭ ዝቃጭ ስለሚፈጥር ሙቀቱን አይዝለሉት። በክዳኑ ላይ ቀጭን ቱቦ አስቀድሞ ማሰር እጅን ከሳህኑ ያርቃል። ሕዋሳቱ መሟሟታቸውን አይተው ያንሱ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። ሁለቱ ካልተስማሙ ጄሉ ወደ ቦታው ተመልሶ አላበቃም።

ከማስለቀቅ በኋላ አንድ ፎቶ አይበቃም። ከመጀመሪያው ከፍታ 3 ማይክሮሜትር ወደ ላይና ወደ ታች፣ በየ0.3 ማይክሮሜትሩ ያንሱና ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር የበለጠ የሚመሳሰለውን ይምረጡ። መንሸራተቱንና መዞሩን ሲያርሙ የመላውን ፎቶ አማካይ አይጠቀሙ፤ የሕዋሱ ጉተታ ይገባበታል። በሕዋሱ ዙሪያ ቢያንስ 50 ማይክሮሜትር ባዶ ጠርዝ ይተውና እርማቱን ከዚያ ያውጡ። ለዚህም ሕዋሳቱን አራርቀው ይዝሩ፤ በስኩዌር ሴንቲሜትር ከ2,000 እስከ 3,000 ይበቃል።

ስለ ጄሉም ጥቂት። ለ1 ሚሊሊትር፦ የ40 በመቶ አክሪላማይድ 125፣ የ2 በመቶ ቢስ 75፣ የ10 እጥፍ ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) 100፣ የዶቃ ድብልቅ 10፣ ውሃ 679፣ ጄሉን የሚያረጉት የ10 በመቶ አሞኒየም ፐርሰልፌት 10ና ቴሜድ 1፤ ሁሉም በማይክሮሊትር ነው። ዶቃዎቹን ከመጨመርዎ በፊት 10 ደቂቃ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ውስጥ ይበትኗቸው፤ የተጣበቁ ዶቃዎች የውሸት ቀስት ይሰጣሉ። ፐርሰልፌቱ በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን። ያልረጋ አክሪላማይድ ነርቭን ይጎዳልና ያለ ጓንት አይንኩት። በ18 ሚሊሜትር ክብ መስታወት ላይ 15 ማይክሮሊትር ቢያፈሱ ውፍረቱ 60 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል። ከ20 በታች ከወረደ ከሥር ያለው መስታወት መሰማት ይጀምራል፤ ጄሉን ወሰን የለሽ ጥልቀት እንዳለው አድርጎ የሚወስደው ስሌትም ይሳሳታል።

ግትርነቱን ከሠንጠረዥ አይውሰዱ። ለዚህ ቅልቅል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ወደ 4.5 ኪሎፓስካል ነው፤ ይሁን እንጂ ያረጀ ፐርሰልፌት ወይም የተዛባ ፒፔት ይለውጠዋል። ግትርነቱን በ30 በመቶ ከሳቱ ጉልበቱንም በዚያው ልክ ይስታሉ። ከየሥራው አንድ ጄል ለይተው በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ወይም በሪዮሜትር ያስለኩ። በስሌቱ ጊዜ የማለስለሻውን (ሶፍትዌሩ ስህተትን ለማርገብ የሚጠቀምበትን ቁጥር) መጠን ከባዶው ልኬት ስህተት ተነስተው ይወስኑ፤ የሚነጻጸሩ ናሙናዎች ሁሉ ላይ አይቀይሩት። ሲያንስ ስህተቱን ወደ ሹል ጉልበት ያጎላዋል፤ ሲበዛ እውነተኛውን ጫፍ ያደበዝዛል።

ውጤቱ ሲወጣ ሁለት ፍተሻ ያድርጉ። አንደኛ፣ በአንድ ሕዋስ ሥር ያሉትን የጉልበት ቀስቶች ከነአቅጣጫቸው ይደምሩ፤ ድምሩ የመጠኖቻቸውን ጠቅላላ ድምር 10 በመቶ ካለፈ ያንን ሕዋስ ይተዉት፣ መንሸራተት ቀርቶበታል። ሁለተኛ፣ በሌላ ሳህን 20 ማይክሮሞላር ብሌቢስታቲን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ሕዋሱ የሚጎትትበት ፕሮቲን ሚዮሲን ስለሚታገድ ጉተታው በግልጽ መቀነስ አለበት፤ ካልቀነሰ ቀስቶቹ አሁንም የመሣሪያው ናቸው። ብሌቢስታቲን በሰማያዊ ብርሃን ተበላሽቶ ሕዋሱን ስለሚመርዝ፣ ቀይ ዶቃ መያዝዎ ጥሩ ነው፤ በዚያ ሳህን ላይ አረንጓዴ ፍሎረሰንት ለማየት ብለው ሰማያዊውን መብራት አያብሩ።