አባትሽን በእንፋሎት ባቡር ከማሳፈርሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። አባትሽ ለሰመር ከድሬዳዋ ለንደን ይመጣሉ። ጡረታ የወጡት ከምድር ባቡር ነው። ዝነኛው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ፍላይንግ ስኮትስማን በሚጎትተው የአንድ ቀን የባቡር ጉዞ ልታሳፍሪያቸው አስበሻል፣ ዋጋው ግን አስደነገጠሽ። «ያዋጣል ወይ?» ነው ያልሽው።

እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ «አሪፍ ነው፣ ያዢው» ብለዋል። ፎቶው ያምራል፣ እውነት ነው። እኔ ግን አትያዢ ባይ ነኝ። አባቴ የድሬ ምድር ባቡር መካኒክ ነበር፣ እኔም አምጥቼው እንደ አንቺው ይሄንኑ አስቤ ነበር። ስለዚህ የአንቺን ነገር የራሴ ያህል አውቀዋለሁ። ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

1. የምትከፍዪው ለወንበሩ ነው

ይሄን ማንም አይነግርሽም። ማስታወቂያው ላይ ትልቅ አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ ጭሱን እየተፋ ይታያል። ውሉ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ሎኮሞቲቩ ያለ ማስጠንቀቂያ በሌላ ሊተካ ይችላል» የሚል አለ። «በሌላ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ በናፍጣ በሚሠራ ማለት ነው።

እኛ የያዝነው ፍላይንግ ስኮትስማን አልነበረም፣ ሌላ ስመ ጥር ሎኮሞቲቭ ነበር። ድርጅቱን አልጠራውም። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል። አባዬ ከሌሊቱ ጀምሮ ለብሶ ተቀምጧል። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ የድሮ የሥራ ቆቡን ሳይቀር ከድሬ ይዞት መጥቷል። ጣቢያ ስንደርስ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ናፍጣ ነው። ሣሩ ስለደረቀ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ብልጭታ በሀዲዱ ዳር እሳት እንዳያስነሳ ተብሎ እንፋሎቱ ተከልክሏል። ምክንያቱ ትክክል ነው፣ በዚህ አልከራከርም። በደረቅ በጋ እንዲህ መደረጉ የተለመደ ነው።

አባዬ ወደ ፊት ሄዶ ናፍጣውን ከላይ እስከ ታች አየው። ጎንበስ ብሎም ከሥር አየው። ከዚያ ዞር ብሎ «ልጄ፣ ይሄንን ዓይነት እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈታው ነው የኖርኩት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም አላለም። የቀረበለትን ምሳም በአክብሮት በላ።

የሚያናድደው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት «ጉዞው ተካሂዷል፣ ምሳችሁን በልታችኋል፣ ምን ቀረ?» አለችኝ፤ በዚህ ቃና። አባቴ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ ላስረዳት ስል ገና ሳልጨርስ «ውሉን ያንብቡ» ብላ ዘጋች። አነበብኩት። ሁሉንም አንቀጽ። ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሌላም ጻፍኩ። በስንት ጭቅጭቅ የሰጡኝ ቅናሽ ሆነ፤ እሱም የሚያገለግለው ከእነሱው ሌላ ጉዞ ለገዛ ሰው ብቻ! ስሙን አልጠራም ብያለሁ፣ አልጠራም። ግን የአብዛኞቹ ድርጅቶች ውል ከዚህ አይርቅም። የግድ ካልሽ ከሐምሌና ከነሐሴ ሽሺ። ከመክፈልሽ በፊትም «እንፋሎቱ ባይመጣ ምን ትመልሳላችሁ?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። በስልክ የተነገረሽ ነገር አይቆጠርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እንፋሎቱ ቢመጣም ተሳፋሪ ሎኮሞቲቩን አያየውም። ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠሽ ጭሱን ትሸቺያለሽ፣ ፉጨቱን ትሰሚያለሽ፣ በቃ። መታጠፊያ ላይ በመስኮት ብታይ ብታይ ነው። ቀኑም ረጅም ነው፣ ውሃ ለመሙላት እየቆመ ይሄዳል። ድሮ በዋና ዋና መስመሮች ላይ በሀዲዱ መሃል የውሃ ገንዳ ተዘርግቶ ሎኮሞቲቩ እየሮጠ ይቀዳ ነበር። ያ ቀርቷል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ይዘሽ ይሄንን አስቢበት።

2. ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ

ዝርፊያ ነው ብለሽ ከሆነ ግን አይደለም። ድርጅቱ ላይ ብናደድም ብረቱ ላይ አልናደድም። ፍላይንግ ስኮትስማንን የያዘ ሰው ሁሉ ገንዘቡን እንዴት እንዳጣ ስትሰሚ ትኬቱ ይገባሻል።

በ1923 ዶንካስተር ተሠራ፣ የነደፈው ናይጀል ግሬስሊ ነው። በ1928 ከለንደን ኤድንብራ 631 ኪሎ ሜትር ሳይቆም ሄደ። ሾፌሩና እሳት አንዳጁ ያን ሁሉ መንገድ አይችሉትም፤ ስለዚህ ከሰልና ውሃ በሚሸከመው የኋላ ክፍል በኩል ጠባብ መተላለፊያ ተሠራለት። ተተኪዎቹ ከተሳፋሪው ፉርጎ ተነስተው በዚያ ሾልከው እየሮጠ ይቀያየራሉ። አባዬ ይሄን ስነግረው ብዙ ሳቀ። «የኛዎቹ ፈረንሳዮች ቢሰሙ ለአለቆቹም ወንበር እንሥራ ይሉ ነበር» አለ። በ1934 ደግሞ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር ገባ። በይፋ ተለክቶ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው።

በ1963 ጡረታ ወጣ፣ ቁርጥራጭ ብረት ሊሆን ነበር። አለን ፔግለር የሚባል ነጋዴ በ3,000 ፓውንድ ገዝቶ አዳነው። በ1969 የእንግሊዝን ንግድ ላስተዋውቅበት ብሎ አሜሪካ ወሰደው። እዚያ ደወልና ከፊት የከብት መግፊያ ተገጠመለት። መንግሥት መጀመሪያ ደግፎት ነበር፣ በኋላ ድጋፉ ቀረ። ሰውየው በ1972 ከሰረ። ወደ አገሩ የተመለሰው መርከብ ላይ ለተሳፋሪ ስለ ባቡር እያወራ ነው፣ ለመሳፈሪያው። አስቢው፣ የዓለም ዝነኛ ሎኮሞቲቭ ባለቤት!

ሎኮሞቲቩ ካሊፎርኒያ ቀርቶ ሳለ ዊልያም ማክአልፓይን የሚባል ባለሀብት በ1973 ገዝቶ በፓናማ ቦይ በኩል በመርከብ አስመለሰው። ከዚያ በኋላ አውስትራሊያ ድረስ ሄዷል፤ በ1989 እዚያ 679 ኪሎ ሜትር ሳይቆም ነድቶ የእንፋሎት ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1996 የገዛው ሌላ ሰውም አልቀናውም፣ ከሰረ። በ2004 ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም የሕዝብ መዋጮ ጭምር ይዞ በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በ2006 ጥገና ተጀመረ፣ ያለቀው በ2016 ነው። የጥገናው ወጪ ከመግዣው በለጠ፤ 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ።

ለምን ቢባል ቦይለሩ ነው፤ ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን ማለት ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንደ መኪና ቦሎ አለው በይው፣ የሚያገለግለው ግን ዓሥር ዓመት ነው። ሲያልቅ ቦይለሩ ከአካሉ ተነጥሎ ይወርዳል፣ ቱቦዎቹ ይወጣሉ፣ የእሳት ሳጥኑ ይመረመራል። ብዙ የቆዩ ሎኮሞቲቮች እዚህ ላይ ሲደርሱ ገንዘብ እስኪገኝ ብለው ጥግ ይይዛሉ፣ ዓመታት ይቆማሉ። ስለዚህ አንቺ የምታስቢው ሎኮሞቲቭ አባትሽ በሚመጡበት ወር እየሠራ መሆኑን አስቀድመሽ አጣሪ። የበይነ መረብ ፎቶ ቀን የለውም።

3. መጀመሪያ ዮርክ

ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ያለው ዮርክ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ በቀጥታ ትሄጃለሽ። ትኬቱን ቀደም ብለሽ ግዢ፣ በዕለቱ ያቃጥላል። ፍላይንግ ስኮትስማን የሙዚየሙ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚዞር እዚያ መኖሩን ጠይቂ። ባይኖርም አትዘኚ፣ ማላርድ የሚባል ሎኮሞቲቭ አለ። በ1938 በሰዓት 126 ማይል፣ 203 ኪሎ ሜትር ገደማ የሄደ። ያንን ክብረ ወሰን የነጠቀው እንፋሎት የለም።

ለአባትሽ ግን ከማላርድ ይልቅ ኤለርማን ላይንስ የሚባለውን ሎኮሞቲቭ አሳያቸው። ጎኑ ከፊት እስከ ኋላ ተቆርጦ ሆዱ ይታያል። እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ትኩሱ አየር በየትኞቹ ቱቦዎች እንደሚያልፍ፣ እንፋሎቱ ወደ ፒስቶኑ እንዴት እንደሚገባ፣ ሁሉም ግልጥ ብሎ። አባዬ እዚያ ጋ ቆሞ አልነሳ አለኝ። ሥራ ሲገባ ድሬ በናፍጣ ነበር፤ እንፋሎቱን የሚያውቀው በልጅነቱ፣ እሳት አንዳጅ ከነበረው ከአያቴ ነው። ውስጡን ግን አይቶት አያውቅም ነበር። የሌሎች ሰዎች ልጆች ተሰብስበው ሳለ በጣቱ እያሳየ በአማርኛ ማስረዳት ጀመረ። ልጆቹ ምኑም ሳይገባቸው ተከተሉት። እኔ መተርጎም ደክሞኝ ቁጭ አልኩ።

4. ከዚያ ትንሹ መስመር

ገንዘብሽን የምታወጪው እዚህ ላይ ይሁን። እንግሊዝ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩ አሮጌ መስመሮች ሞልተዋል። እኛ የሄድነው ዮርክሻየር ኪትሊ ነው። ከኪትሊ ኦክስንሆፕ 8 ኪሎ ሜትር፣ ከ1968 ጀምሮ በፈቃደኞች የሚሄድ። ከለንደን ትልቁ ጉዞ ጋር ስታወዳድሪው ዋጋው ምንም ማለት አይደለም። ጉዞውም አጭር ስለሆነ በየጣቢያው ወርደሽ ሎኮሞቲቩ ሥር መቆም ትችያለሽ።

አባዬ ሎኮሞቲቩ አጠገብ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ሀዲዱን ነው። «ሰፊ ነው» አለ። የኛው አንድ ሜትር ነበር፣ የእነሱ 1.435 ነው፤ በዓይኑ ለካው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ዘይት ጣሳ ይዞ ወደሚዞር አንድ ሽማግሌ ፈቃደኛ ሄደ። አባዬ እንግሊዝኛ አይችልም። ግን የምድር ባቡር ሰው አይደል፣ ፈረንሳይኛ ይችላል። ሽማግሌውም ከትምህርት ቤት የቀረች ትንሽ ፈረንሳይኛ ነበረችው። ሁለቱ በዚያች ላይ ተግባቡ። የጎደለውን በእጅ ሞሉት።

ጠዋት ስንት ሰዓት እንደተነሳ ጠየቀው። ሰውየው እሳቱ ከትናንት እንደተለኮሰ ነገረው። ቀዝቃዛ ቦይለር በአንዴ ቢሞቅ ብረቱ እኩል ስለማይለጠጥ ይጎዳል፣ ቀስ እያለ መሞቅ አለበት። ከዚያ ስለ ውሃው አወሩ። ውሃው ከእሳት ሳጥኑ ጣራ በታች ከወረደ ጣራው በእሳቱ ይለሰልሳል፣ አደጋው ከባድ ነው። ለዚያ ተብሎ ጣራው ላይ እርሳስ ያለበት ቡሽ ይገጠማል፤ ውሃው ሲያንስ እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱ እሳቱ ላይ ይለቀቃል። አባዬ «እሱን አባቴ ነግሮኛል፣ አንዴ ቀልጦበት አለቃው ሊያባርረው ነበር» አለ። የአያቴን ይሄን ታሪክ እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ ኪትሊ ላይ!

ሾፌሩ ይሄን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ አባዬን በእጁ ጠራው፤ ላይ ወጣ። ሁልጊዜ አይፈቅዱም፣ ሲጨናነቁ አይሆንም። ስለዚህ ቅዳሜን ተዪ፣ የመጀመሪያውን ባቡር ያዢ፣ ከመነሻው ሰዓት ቀደም ብለሽ ድረሺ። አባትሽ ምን ሠርተው ጡረታ እንደወጡ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጻፊላቸውና ይያዟት። እነዚህ ፈቃደኞች ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፣ ቅዳሜና እሁዳቸውን ብረት ሲወለውሉ ያሳልፋሉ። ከሩቅ የመጣ የባቡር ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ያቺ ስልክ ላይ የዘጋችብኝ ሴት አንድ ቀን እዚህ መጥታ ብታይ ምን ነበረበት!

5. ልብስ

ነጭ ጋቢ እንዳያደርጉ። መስኮት ከተከፈተ ጥቀርሻው ይገባል፣ በማጠብ አይለቅም። ዓይናቸውም ውስጥ እንዳይገባ መነጽር ይያዙ። የሥራ ቆባቸው ካለ ግን ያምጡት።

ጥያቄሽ ውስጥ ስለ ጉዞ ኢንሹራንስም ያነሳሽው ነገር ነበር፤ እሱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ይመልስልሽ። የኪትሊውን የጊዜ ሰሌዳ ግን በሚመጡበት ወር እዪው። በየቀኑ አይሠራም፣ የአንዳንድ ቀኑም በናፍጣ ነው። የእንፋሎቱን ቀን ለይተሽ ያዢ።