አዲሱ ቴሌቪዥን ለምን ደበዘዘ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ፍሪጅ ስጽፍ መጨረሻ ላይ «ቴሌቪዥን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ምላሴን በቆረጠው። ግማሾቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፦ የትኛው ብራንድ ይሻላል? ከተማችሁ ውስጥ ጠጋኝና መለዋወጫ ያለው። አለቀ። ወደ ሌሎቹ ልሂድ።

ጥያቄ፦ አንድ የሰሚት ነዋሪ ለበዓል ብለው ባለ 65 ኢንች ፎርኬ (4K የሚባለውን) ቴሌቪዥን ገዙ። መርካቶ ሱቁ ውስጥ ሲያዩት ቪዲዮው ላይ ያለው ዓሣ ከመስታወቱ ዘሎ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ቤት አምጥተው ዜና ሲከፍቱ ግን የጋዜጠኛው ፊት ውሃ የነካው ሥዕል መሰለ። «አሮጌው 32 ኢንች በስንት ጣዕሙ! ተሸወድኩ ወይ?» ይላሉ።

መልስ፦ ቴሌቪዥኑ አልሸወደዎትም። የሸወደዎት ዓሣው ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚሽከረከረው ቪዲዮ አምራቹ ለማሳያ ብሎ ያዘጋጀው ነው። ጥራቱ እውነተኛ ፎርኬ ነው። በዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ የሱቅ ሞድ ላይ ስለሆነ ብርሃኑና ቀለሙ ጣሪያ ነክቷል። እርስዎ ቤት የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። የፎርኬ ስክሪን 3,840 በ2,160 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ከዲሽ የሚመጣ ተራ ጥራት ያለው፣ ኤስዲ የሚባለው ቻናል ደግሞ 720 በ576 ነው፤ 400 ሺህ ገደማ። ስለዚህ ከየሃያው ነጥብ ከጣቢያው የመጣው አንዱ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኙን ቴሌቪዥኑ ከራሱ ገምቶ ይሞላዋል። ለአንድ ጀበና የተወቀጠ ቡና ለሠርግ ቤት ሲቀጥን ምን እንደሚመስል ያውቁታል። አሮጌው 32 ኢንች ትንሽ ስለነበረ ገመናውን ይሸፍን ነበር፤ አዲሱ ያጋልጠዋል።

መልሼ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው በምን ገመድ ነው? ፎቶ ላኩልኝ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። እዚህ ላይ እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ። ያ ገመድ ኤችዲ የሚባለውን ከፍ ያለ ጥራት ያለው ምስል ማሳለፍ አይችልም። ቻናሉ ኤችዲ ቢሆን እንኳ ሪሲቨሩ አውርዶ፣ አሳንሶ ነው የሚያስገባው። የብዙ ቤት ችግር ይኸው ነው፤ ዲሽ ሰሪው የዛሬ ስንት ዓመት የሰካውን ማንም አይነካውም። በኤችዲኤምአይ ገመድ ቀይሩት። ከዚያ የሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የምስል ጥራቱን 1080 ላይ አድርጉት። 576 ላይ ተረስቶ የሚቀመጥ ብዙ አለ።

ሌላም አለ። አሁን ከሚሸጡት ስማርት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የሳተላይት መቀበያ በውስጣቸው አላቸው። ከጀርባ የዲሽ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ካለና መግለጫው ላይ ዲቪቢ-ኤስ2 (DVB-S2) ከተጻፈ፣ ዲሹ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኢትዮሳት የዞረ እስከሆነ ድረስ ነጻዎቹን የአገር ውስጥ ቻናሎች ያለ ሪሲቨር ታያላችሁ። አንድ ሪሞት ቀነሰ ማለት ነው። ዲኤስቲቪን ለመሰሉ የሚከፈልባቸው ግን ዲኮደሩ ይቀጥላል።

በመጨረሻ የምስል ሞዱን ከ«ቪቪድ» አውጥተው «ሲኒማ» ወይም «ስታንዳርድ» ላይ ያድርጉት፤ ሻርፕነስ የሚለውንም ይቀንሱት። ሻርፕነስ ሲጨምር ጥራት የሚጨምር ይመስላል እንጂ የሚጨምረው በፊቱ ዙሪያ ያለው ነጭ መስመር ነው። ሰውዬው ይህን ሁሉ አድርገው ጻፉልኝ። ኤችዲዎቹ ቻናሎች ሌላ ሆነዋል። ኤስዲዎቹ ያው ናቸው፤ ጣቢያው ያልላከውን እኔም እርሳቸውም አናመጣውም። እኔን የሚያበሳጨኝ ይኼ ሁሉ ከግዢው በኋላ መነገሩ ነው። ሱቅ ስትሄዱ ቤት የምታዩትን ቻናል ወይም የራሳችሁን ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ይህን ክፈትልኝ» በሉት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ሳሎኔ ትንሽ ናት፤ 43 ልግዛ 55?

መልስ፦ ሜትር አውጡ። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው፤ አንዱ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር። ያንን በ1.6 ስታባዙት ከሶፋው እስከ ስክሪኑ ጥሩ የሚባለው ርቀት ይመጣል፦ ለ43 ወደ 1.75 ሜትር፣ ለ55 ወደ 2.2፣ ለ65 ወደ 2.6። ቡፌውንም ለኩ። የ55 ኢንች ስክሪን ብቻውን ወርዱ 1 ሜትር ከ22 ነው። የቡፌው የቴሌቪዥን ቦታ የተሠራው ግን ለድሮው 21 ኢንች ነው። ቡፌ ያስቀየረ ቴሌቪዥን አውቃለሁ፤ ከዚያ መጋረጃውም ተቀየረ።

ጥያቄ፦ ዋጋ እስኪወርድ ብጠብቅስ?

መልስ፦ እኔ ከ2009 ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው። አብረን እንጠብቅ።

ጥያቄ፦ ኪውሌድና ኦሌድ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሻጩ «ያው ናቸው» ብሎኛል።

መልስ፦ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ዘመድ አይደሉም። ኪውሌድ ከኋላው መብራት ያለው ኤልሲዲ ነው፤ ቀለሙን የሚያጠራ ስስ ንጣፍ ተጨምሮበታል። ኦሌድ የኋላ መብራት የለውም። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቁሩ በእውነት ጥቁር ነው። ዋጋው ደግሞ ፊት ያጠቁራል። እንደ ብዙ ቤት ቴሌቪዥኑ ሰው ኖረም አልኖረም ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጣቢያ ላይ የሚውል ከሆነ ኦሌድ ይቅርባችሁ። ጥግ ላይ የማይንቀሳቀሰው አርማ ከጊዜ በኋላ ጥላውን ሊያስቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ከጎንደር የጻፈች እህት፣ ወንድሟ ከቨርጂኒያ ሲመጣ ቴሌቪዥን ሊያመጣላት ነው። እዚያ ርካሽ ነው ብሏታል።

መልስ፦ ከመግዛቱ በፊት ጀርባውን ያንብብ። «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ ችግር የለም። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለ ግን እኛ ጋ 220 ላይ በተሰካበት ቀን ያበቃለታል። ለአሜሪካ ገበያ ከሚሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ትራንስፎርመር ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን ዕድሜ ልክ ሲያጉረመርም አብሮሽ የሚኖር ዕቃ ነው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን የሳተላይት መቀበያም አይኖረውም፤ ሪሲቨር የግድ ነው። ከዱባይ የሚመጣ በቮልቴጅ አያስቸግርም። ቀረጡን ጉምሩክን ጠይቂ። እኔ ብሆን «ዕቃው ይቅር፣ ብሩን ላክልኝ» እለው ነበር። እንዳልኩሽ ግን እንዳትነግሪው።

ጥያቄ፦ የሐዋሳው ወጣት ካርቶኑ ላይ «አንድሮይድ ስማርት» የሚል ርካሽ 43 ኢንች ገዛ። ዓመት ሳይሞላው ዩቲዩብ አልከፍት አለ። ሻጩ ኢንተርኔቱን ያመካኛል፤ ስልኩ ላይ ግን በዚያው ዋይፋይ ይሠራል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኢንተርኔቱ ንጹሕ ነው። አንድሮይድ ማንም አንስቶ ዕቃው ላይ ሊጭነው የሚችል ሶፍትዌር ነው። «አንድሮይድ ቲቪ» ወይም «ጉግል ቲቪ» የሚባለው ግን ጉግል ያጸደቀው ነው፤ ፕሌይ ስቶሩም ዝመናውም ከዚያ ይመጣል። ያንተው ያልጸደቀው ዓይነት ይመስላል። ከስልክ የተገለበጠ ዩቲዩብ ተጭኖበት ተሸጠ፤ ዩቲዩብ ሲቀየር እሱ እዚያው ቀረ። ሱቅ ውስጥ ሲበራ ከሁለቱ ስሞች አንዱ ስክሪኑ ላይ መምጣት አለበት። የሳምሰንግ ታይዘን፣ የኤልጂ ዌብኦኤስ፣ የሃይሴንስ ቪዳ የየራሳቸው ሥርዓት ናቸው፤ እነሱን በዚህ አትለካቸው። ራሙን፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበትን ማኅደረ ትውስታ፣ ደግሞ ጠይቅ። 1 ጊጋ ከሆነ ሪሞቱን ተጭነህ ሻይ አፍልተህ ትመለሳለህ።

ያልጸደቀ አንድሮይድ ሌላም ጣጣ አለው። በፈረንጆቹ 2025 የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አንዳንድ እንዲህ ያሉ የቲቪ ቦክሶችና መሰል ዕቃዎች ከመሸጣቸው በፊት ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ተጭኖባቸው፣ የባለቤቱን ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መተላለፊያ ያደርጉታል። ያንተውን እንዲህ ነው አላልኩም። ግን ዋይፋዩን ከቴሌቪዥኑ ላይ አጥፋው። ጉግል ያጸደቀው ትንሽ ቦክስ ወይም ስቲክ ገዝተህ ኤችዲኤምአዩ ላይ ሰካ። ስክሪኑ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ጭንቅላቱ ነው። አትጣለው።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥን ይሰልላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሚስትዎ የላኩዎት ካልሆኑ እመልሳለሁ። አዎ፣ በልኩ። ብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች ስክሪኑ ላይ ያለውን እየለዩ ምን እንደምታዩ ለአምራቹ ይልካሉ፤ ለማስታወቂያ ነው። ቪዚዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ሳያስፈቅድ ይህን አድርጓል ተብሎ ተከሶ በ2017 እ.ኤ.አ. 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሳምሰንግ ላይ «ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ»፣ ኤልጂ ላይ «ላይቭ ፕላስ» የሚለውን አጥፉ። መጀመሪያ ሲከፈት የሚመጣውን ሁሉ «እስማማለሁ» እያሉ መጫን ይቅር።

ጥያቄ፦ ፎርኬ ፊልም ለማየት ስንት ሜጋ ኢንተርኔት ይበቃል?

መልስ፦ ኔትፍሊክስ ለፎርኬ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይላል፤ ለፉል ኤችዲ 5። ፎርኬ በሰዓት እስከ 7 ጊጋ ይበላል። በሞባይል ዳታ ከሆነ ፓኬጁ ከፊልሙ ቀድሞ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ከአዳማ የጻፉ አባት፦ ስታብላይዘር ያስፈልጋል ወይስ ጌጥ ነው? ደግሞም የዲሹን ገመድ ስነካ ይነዝረኛል፤ ልጆቹ ለምደውታል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ቀላል ነው። ቴሌቪዥን መብራት ስለሄደ አይሞትም፤ የሚገድለው መብራቱ ሲመጣ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ቴሌቪዥን የሄደው እንዲሁ ነው። አንድ ማታ መብራት መጣ ብለን ስናጨበጭብ «ጧ» አለ። ጠጋኙ ጀርባውን ከፍቶ አሸተተና «ፓወር ሰፕላዩ ነው» አለኝ፤ ከሽታው እኔም አውቄዋለሁ። ቮልቴጁ ሲዛባ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ፕሮቴክተር ግዙ። ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ፍሪጁን፣ ምጣዱንና ቴሌቪዥኑን በአንድ ዲቫይደር ላይ አትደርድሩ። ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱንም የዲሹን ገመድም ንቀሉ፤ መብረቅ በዲሹም ይገባል።

ሁለተኛው ግን ቀልድ የለውም። «ለምደውታል» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። ምናልባት ቤቱ የመሬት ሽቦ የለውም፤ ይህ የቀለለው ነው። ምናልባት አንዱ ዕቃ ውስጡ ተበላሽቶ ቆርቆሮው ላይ ኃይል እየለቀቀ ነው። የትኛው እንደሆነ እኔ በጽሑፍ አልለየውም፤ እርስዎም በእጅዎ መዳሰስ አይለዩት። ዛሬውኑ ንቀሉት። የታወቀ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ፤ ዲሽ ሰሪው አይደለም፣ «ትንሽ ይሞካክራል» የሚባለው የጎረቤት ልጅም አይደለም። የመሬት ሽቦውን፣ ሶኬቶቹንና ብሬከሩን በመሣሪያ ይለካ። እስከዚያ ልጆቹ አይጠጉት። ከተሠራ በኋላ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ቀርባ ነው የምታየው። ቴሌቪዥኑ ዓይኗን ያበላሽባታል?

መልስ፦ ምናልባት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀርባ የምታየው ከሩቅ ስለማይታያት ሊሆን ይችላል። ለዓይን ሐኪም ያሳዩአት፤ ትልቅ ስክሪን መነጽር አይተካም። ሁለት ዓመት ስላልሞላው ትንሹ ልጅዎም ጽፈውልኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ስክሪን አይመክርም። ከሁለት እስከ አራት ቢበዛ በቀን አንድ ሰዓት ነው። እኔም ልጅ አሳድጌአለሁ፤ ወጥ ሲሠራ ያለውን ሰዓት አውቀዋለሁ፤ አልፈርድም።

ጥያቄ፦ ቤታችን የጭቃ ነው። ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል?

መልስ፦ አይሰቀል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጅ እንዳይጎትተው በማሰሪያ ከኋላ ይታሰር። ብሎኬት ቤት ያላችሁም ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ መሆኑን አትርሱ፤ ለእሱ የሚሆን ፊሸር አለ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለአዲሱ ቴሌቪዥን ዳንቴል እየሠራች ነው። ይጎዳዋል?

መልስ፦ ጠፍቶ ሲያድር ይልበስ፣ ሲበራ ይውለቅ፤ ሙቀቱ የሚወጣው በጀርባ ነው። ስክሪኑን በላርጎ እንዳትወለውሉት፤ ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የዳንቴሉን ነገር ግን ለእናትህ የምትነግራት አንተ ነህ። እኔ አልገባበትም።